ላይራ በእማማ ክፍል

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ የዚያ ዓመቱ ጉድ ግን እኛ ሜሪላንድ ያለን ሐበሾች ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረትን በሆታ ከተቀበልን በኋላ ነው የደረሰን። በፈረንጅ አቆጣጠር 2007 መሆኑ ነው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ፣ ሰንበት ትምህርት በምንማርበት ምድር ቤት በር ላይ አንዲት እናት ቆመው የታተመ ወረቀት ያድላሉ። ለገና የሚወጣ የልጆች ፊልም አለ፤ ፊልሙ የተሠራበት መጽሐፍ ልጆችን ከእምነታቸው የሚያስወጣ ነው፤ በመጨረሻውም ልጆች እግዚአብሔርን ይገድላሉ፤ ወላጆች ሆይ ተጠንቀቁ ይላል። የመጽሐፉ ስም «ወርቃማው ኮምፓስ»፣ ከሦስት ተከታታይ መጽሐፎች የመጀመሪያው፣ ደራሲው ፊሊፕ ፑልማን የሚባል እንግሊዛዊ።

እኔ ያን ጊዜ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። መጽሐፉ ደግሞ ከሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ተውሼው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

እናቴ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሌሊት ነበር የምትሠራው። ወረቀቱን የቡሃቃው ክዳን ላይ አስቀመጠችና መጽሐፉን ከእጄ ተቀብላ ገለጥ ገለጥ አደረገችው። ሽፋኑ ላይ በነጭ ድብ ጀርባ የተቀመጠችውን ልጅ ትክ ብላ አየቻት። «ይሄን ሁሉ የማነብበት ጊዜ ከየት አመጣለሁ? ለእማማ ተርኪላት። እሷ ክፉ ነው ካለች ይመለሳል» አለችኝ። ሌሎች ቤቶች መጽሐፉ በዚያው ቀን ቆሻሻ ውስጥ እንደገባ በኋላ ሰምቻለሁና፣ ያን ውሳኔዋን ዛሬም አመሰግናታለሁ።

የአያቴ የእማማ ክፍል ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። ጤና አዳም፣ የደረቀ ኮሶረት፣ ለጉልበቷ የምትቀባው ቪክስ። ዕጣን ማጨስ አልቻለችም፤ አንድ ጊዜ ሞክራ የጭሱ ማስጠንቀቂያ ሕንፃውን ሁሉ አስጩኾት ደንግጣለች። ስለዚህ የዕጣን ፍሬ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ታስቀምጥና ዳዊቷን ስትጨርስ ቋጠሮውን ፈትታ ታሸታለች፤ ለእኔም ታሸተኛለች። እማማ የጎጃም ልጅ ናት። አባቷ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ እሷ ግን ፊደል የቆጠረችው ካረጀች በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የምታውቀው ሁሉ ጓዳ ሆና፣ አባቷ ለተማሪዎቻቸው ሲያስተምሩ በጆሮዋ የለቀመችው ነው።

እናም ማታ ማታ፣ እናቴ ለሥራ ስትወጣ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ እቀመጥና በዚያ በሚንገዳገድ አማርኛዬ እተርክላት ጀመር። ላይራ የምትባል ልጅ አለች፣ ኦክስፎርድ ውስጥ ምሁራን መካከል ያደገች። በእሷ ዓለም የሰው ነፍስ ከሰውየው ውጪ በእንስሳ መልክ ይኖራል፤ ዲመን ይሉታል። የልጆች ዲመን መልኩን ይለዋውጣል፤ ልጁ ሲጎለምስ በአንድ መልክ ይጸናል። ይሄ ሲነገራት ተደንቃ «እኛስ ጠባቂ መልአክ አለን አይደል፤ የእነሱ ይታያቸዋል ማለት ነው» አለች። እንደዚያ እንዳልሆነ ላስረዳት ሞከርኩ፤ አልሰማችኝም፤ እኔም ተውኩት።

ከሁሉ የማይረሳኝ የቶኒ ታሪክ ነው። በሩቅ ሰሜን፣ በበረዶ አገር፣ ልጆችን ከዲመናቸው የሚቆርጥ ጣቢያ አለ። ላይራ አንዱን የተቆረጠ ልጅ ዓሣ ማድረቂያ ጎጆ ውስጥ ታገኘዋለች። ዲመኑ ይቀመጥ በነበረበት ቦታ አንድ የደረቀ ዓሣ በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዟል። እዚህ ስደርስ እማማ ጭኗን መታች። «ወይኔ ልጄን! ዓሣውንስ ተዉለት?» አለችኝ። ልጁ ሲሞት ሰዎቹ ዓሣውን ለውሻ እንደሰጡበት፣ ላይራም ተቆጥታ የዲመኑን ስም የወርቅ ሳንቲም ላይ ጭራ ከሬሳው ጋር እንዳኖረችለት ነገርኳት። እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ቆየት ብላ «የሚቆርጡት እነማን ናቸው?» ስትል፣ እውነቱን መናገር ነበረብኝና «የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው፣ እማማ» አልኩ።

ትቆጣለች ብዬ ነበር። «ካህን የከፋ ዕለት ከሁሉ ይከፋል፤ አባቴም ይሉት ነበር። ቀጥዪ» ብቻ አለችኝ።

በዚያው ሰሞን ጉዳዩ በቴሌቪዥንም ይነሣ ነበር። ካቶሊክ ሊግ የሚባለው የአሜሪካ ማኅበር ሰው ፊልሙን እንዳያይ ዘመቻ ከፍቶ ነበር። ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ አንድ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ቦርድ መጽሐፉን ከመደርደሪያ አወረደው። ፊልሙ በፈረንጆቹ ታኅሣሥ ላይ ወጣ። ሠሪዎቹ 180 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አውጥተውበታል፤ ሰው እንዳይቀየማቸውም ስለ ሃይማኖት የሚነካካውን አለሳልሰውታል። አሜሪካ ውስጥ ያስገባው 70 ሚሊዮን አካባቢ ነው፤ ተከታዮቹ ክፍሎችም ሳይሠሩ ቀሩ። በሌላ በኩል የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ሮዋን ዊሊያምስ፣ ቀድመው በ2004 ለንደን ብሔራዊ ቴአትር ውስጥ ከደራሲው ጋር በአደባባይ ተወያይተው፣ መጽሐፎቹ በሃይማኖት ትምህርት ክፍል ቢነበቡ ደግ ነው ብለው ነበር። እኛ ግን ይህን ሁሉ አናውቅም። እኔና እማማ ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ ነን፤ ውጪው በረዶ ነው።

ወረቀቱ የሚጮኽበት ቦታ እዚያ ነው። ባለሥልጣኑ የሚባል አለ፤ ሰዎች እግዚአብሔር እያሉ የሚሰግዱለት። በመጽሐፉ ነገር ግን ፈጣሪ አይደለም፤ ከመላእክት የመጀመሪያው ነው እንጂ፤ ከእሱ በኋላ ለመጡት «እኔ ፈጠርኳችሁ» ብሎ ዋሽቷቸዋል። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ይህን እንደተናገርኩ እማማ ከትራሷ ቀና አለች። «ውይ! ይሄማ ሳጥናኤል ነው!» አለች። ከዚያም አባቷ ለተማሪዎቻቸው ሲያስተምሩ የሰማችውን ተረከችልኝ፦ መላእክት በተፈጠሩ ዕለት ፈጣሪያቸው ተሰውሯቸው ማን ፈጠረን ሲባባሉ፣ ሳጥናኤል እኔ ነኝ እንዳለ፤ ገብርኤል ደግሞ አምላካችንን እስክናገኝ በያለንበት ጸንተን እንቁም ብሎ እንዳረጋጋቸው። ባለሥልጣኑ አርጅቶ፣ ደክሞ፣ በመስታወት ቃሬዛ ተዘግቶ ሳለ ልጆቹ ማን እንደሆነ ሳያውቁ አዝነውለት ሲያወጡት እንደ ትቢያ በነፋስ እንደተበተነ ስነግራት፣ «ይበተን እንጂ! ሐሰተኛ ነዋ» አለች። ልጆቹ እሱን አልገደሉትም፤ ወረቀቱ ግን ይህን አላለም።

እማማን ያስቆጣት ሌላ ቦታ ነው። ላይራና ጓደኛዋ ዊል ሙታን ወዳሉበት ዓለም ይወርዳሉ። ጨለማ ነው፤ ደስታ የለም። ከዓለም ወደ ዓለም መስኮት በሚከፍት ቢላዋ መውጫ ይቀዱላቸዋል። መጀመሪያ የሚወጣው ሮጀር ነው፣ የላይራ የልጅነት ጓደኛ። ወጥቶ ይስቃል፤ ከዚያ ከአየሩ፣ ከሣሩ፣ ከኮከቡ ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል። እኔ ይሄን ሳነብ ውብ መስሎኝ አልቅሻለሁ። እማማ ግን እጄን ያዘችኝ። «ከዚያስ?» አለች። ከዚያ የለም አልኳት። «እና ልጁ አይገኝም? እናቱ ዳግመኛ አታየውም?»

አጎቴ የሚባል ሰው እንደነበረኝ ያወቅሁት በዚያች ሌሊት ነው። በቀይ ሽብር ጊዜ፣ እናቴ ገና ሕፃን ሳለች፣ በእማማ እጅ የተሠራ ሹራብ ለብሶ ዳቦ ሊገዛ ወጣ፤ አልተመለሰም፤ ሬሳውም አልተሰጣትም። የሹራቡን ቀለም፣ የአንገቱን አሠራር፣ ደረጃ ሲወርድ የሚያፏጨውን ዜማ ሁሉ ነገረችኝ። «እኔ እሱን አየር ሆነ ብዬ አላድርም። አገኘዋለሁ» አለች። ጠዋት እናቴ ስትመጣም ፍርዷን ሰጠች፦ «መጽሐፉ ጥሩ ነው፤ ሰውየው ትንሣኤን አያምንም። ልጅቱ ታንብብ፣ እኔ አለሁ።»

ካደግሁ በኋላ ፑልማን የተናገራቸውን ፈልጌ አነበብኩ። ዓላማውን አልደበቀም፤ የክርስትናን እምነት መሠረት መነቅነቅ እንደሚፈልግ ለጋዜጠኞች በግልጽ ተናግሯል። አያቱ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ካህን ነበሩ፤ በእሳቸው ቤት የሰማውን የመጽሐፍ ቅዱስ ቋንቋና መዝሙር እስከ ዛሬ እንደሚወድም ይናገራል። የመጽሐፎቹ የወል ርዕስ እንኳ ጆን ሚልተን በ1667 ካሳተመው «የጠፋችው ገነት» የተወሰደ ነው። እንግዲህ መጽሐፉ በሃይማኖት ላይ የተነሣ መልእክት አለው ወይ ብትሉኝ፣ አዎን አለው። የለውም የሚሉት መጽሐፉን ሊያድኑት ብለው ነው፤ ደራሲው ራሱ አልጠየቃቸውም። ነገር ግን መልእክቱ ያለው ጩኸት በበዛበት ቦታ አይደለም። በጨካኝ ካህናትና በሐሰተኛ መልአክ ላይ የተጻፈውን ምእመን ሁሉ አብሮ ሊቆጣበት ይችላል። ትልቁ ልዩነት ያ የሮጀር ሣቅ ጋ ነው፤ ሙታን ይነሣሉ ወይስ ይበተናሉ በሚለው። እማማ ይህን ያገኘችው እስከ መጨረሻው ስለሰማች ነው፤ ወረቀቱን ያባዙት ሰዎች እዚያ ድረስ የሄዱ አይመስለኝም።

እኔ ዛሬም እንደ እማማ አምናለሁ። ላይራንም እወዳታለሁ፤ ሁለቱ በአንድ ልብ ውስጥ ተስማምተው ኖረውልኛል።

ከ2019 እስከ 2022 ታሪኩ እንደገና በቴሌቪዥን ተሠርቷል፤ ያሁን ልጆች በስልካቸው ያዩታል። አንባቢዬ ሆይ፣ የእርስዎም ልጅ ይህን መጽሐፍ ይዞ ቢመጣ አይንጠቁት። ማታ ማታ ያስተርኩት፣ ሦስተኛው መጽሐፍ እስኪያልቅም አይነሡ። ሙታን ዘንድ ሲደርስ ደግሞ እርስዎ የሚያምኑትን፣ ያጡትንም ሰው ስም ጠርተው ይንገሩት።