በአንዲት ጭራ

ወሎ ውስጥ «ትምህርትን ከዜማ ማጣመር» እንደ አዲስ ግኝት ሲወራ ይገርመኛል። መንዙማው ሲያስተምር አይደል እንዴ የኖረው? አዲሱ ሳይንሱ ነው፤ እሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ትእዛዝ ሆኖ ይመጣል። አጎበር ዘርጉ፣ ያቆረ ውሃ አፋስሱ ይባልና ጭፈራው ይቀጥላል፤ ለምን እንደሆነ ዘፈኑ ትንፍሽ አይልም።

ለአዝማሪ ግን ምክንያቱ ነበር ሲሳዩ! ከወልድያ ወደ ደሴ ሲወርዱ የምትገኘው የሐብሩዋ መርሳ ወባን አሳምራ ታውቃታለች። የወባ ትንኝ ከእንቁላል ተነሥታ ክንፍ እስክታወጣ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ገደማ ይፈጅባታል፤ ውሃው በየሳምንቱ ከፈሰሰ ሳትበር ትቀራለች። አዝማሪው ይህን ቢገጥም፣ ተቀባዩ ቀን ቢቆጥር፣ ሰባት ላይ እስክስታው ቢወርድ ማን ይረሳዋል?

መሰንቆውስ ቢሆን? እኔ ሞገድን የተማርኩት በጠመኔ ከተሳለ ጠመዝማዛ መስመር ነው። ጭራዋን እኩሌታዋ ላይ በጣት ቢይዟት ያው ድምፅ ቀጥኖ ይመጣል፤ ንዝረቱ እጥፍ ሆኗልና። ትዝታም አምባሰልም የሚወጡት ከዚያችው ጭራ ነው።

መርሳ ገበያ ላይ አንድ የፊዚክስ መምህርና አንድ አዝማሪ ጎን ለጎን ቢቆሙ ወጪው ያን ያህል አይደለም። የአዝማሪው አበል ግን ከመምህሩ እኩል ይታሰብ፤ ብዙውን ጊዜ የሚጠራው ስብሰባው እስኪሞቅ ብቻ ነውና።