የምጣዱ መሥመር

ሰው ፈጽሞ ባልተማረው ነገር ከሚሠራው ስሕተት ይልቅ ጥቂት ተምሮ «ዐወቅሁ» ሲል የሚሠራው እንደሚከፋ የተረዳሁት በሥራ ዓለም የመጀመሪያ ዓመቴ ነው። ያስተማረኝም የእናቴ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነበረ።

የምንኖረው በአቃቂ ቃሊቲ ነው። እናቴ እንጀራ እየጋገረች ለሱቆችና ለጎረቤት በመሸጥ እኔንም እኅቴንም አሳድጋ አስተምራናለች። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥታ ምጣዱን ትሰካለች፤ እኔ ወደ ቢሮ ለመሄድ ስሰናዳ እርስዋ ብዙ እንጀራ አውጥታለች። ስለዚህ ምጣዱ በቤታችን የደብተራችንም የጫማችንም ምንጭ ነበረ ለማለት ይቻላል።

ታዲያ ምጣዱ፥ ምድጃውና የእኔ ካውያ የሚሠሩት በአንድ ገመድ ላይ ነበረ። ሦስቱ በአንድነት በተሰኩ ቁጥር ብሬከሩ ይወርዳል፤ ቤቱ ይጨልማል፤ በምጣዱ ላይ ያለውም እንጀራ ሳይበስል ይበላሻል። እናቴ «ምነው ልጄ፥ ተምረህ የለም ወይ? ለዚህ ነገር አንድ መላ አትፈልግለትም?» ትለኝ ጀመር። እኔም 16 አምፔር የሚለውን ብሬከር ነቅዬ በምትኩ 32 አምፔር የሚለውን ገዝቼ ተከልሁ። ከዚያ ወዲህ መብራቱ አልጠፋም። እናቴ መረቀችኝ፤ እኔም ምርቃቷን ያለ ኀፍረት ተቀበልሁ።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ አንድ ማለዳ ሸሚዜን ስተኩስ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ሽታውን ተከትዬ ወደ ጓዳ ብገባ፥ ገመዱ የሚያልፍበት ግድግዳ በእኅቴ ራስጌ በኩል ጠቁሮ ይጨሳል። ዋናውን ማጥፊያ አወረድሁና ገና ያልነቃችውን እኅቴን ከነብርድ ልብሷ ጎትቼ አወጣኋት። እሳት አልተነሣም፤ ለመነሣት ግን ጥቂት ቀርቶት ነበር።

በሰፈራችን በፋብሪካ ኤሌክትሪክ ሥራ ኖረው ጡረታ የወጡ አንድ አዛውንት አሉ። መጥተው ግድግዳውን ፈለፈሉና የቀለጠውን ገመድ አሳዩኝ።

«ይህን ብሬከር ማን ተከለው?»

«እኔ ነኝ፥ ጋሼ።»

«ልጄ፥ ብሬከር ዘበኛ ነው። የሚጠብቀውም ምጣዱን አይደለም፤ ገመዱን ነው። አንተ የሚጮኸውን ዘበኛ አሰናብተህ የሚያንቀላፋ ቀጠርህ።»

ቁጭ ብለን አሰላነው። ምጣዱ 3500፥ ምድጃው 2000፥ ካውያው 1000 ዋት፤ ድምሩ 6500 ይሆናል። ይህ ለ220 ቮልት ሲካፈል 30 አምፔር ያህል ነው። ገመዳችን ግን 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ስለ ሆነ፥ በግድግዳ ውስጥ ያለ ጉዳት የሚሸከመው 20 አምፔር ገደማ ነበረ። አዲሱ ብሬከር ደግሞ 32 ካልሞላ በቀር ዝም ይላል። ጅረቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ እንደሚሆን በትምህርት ቤት በቃሌ አጥንቼ፥ በፈተናም ሙሉ ማርክ አግኝቼበት ነበር!

የአንድ ምጣድ ጭነት ምን ያህል እንደ ሆነ የገባኝ የአካባቢያችንን ወንዝ ሳስብ ነው። በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው የአባ ሳሙኤል ማመንጫ ኃይሉ 6600 ኪሎዋት ነው። በአንድ ሰዓት የተጣዱ 1900 ምጣዶች ይህን ሁሉ ኃይል ይጨርሱታል። እኛ ግን ይህን የሚያህለውን ሸክም እንደ አምፖል ቆጥረን ባገኘነው ሶኬት ላይ እንሰካዋለን።

ጋሼ ከዋናው ሳጥን ተነሥቶ ምጣዱ ዘንድ ብቻ የሚያበቃ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ገመድ ዘረጉ፤ የራሱ 20 አምፔር ብሬከርና የመሬት ሽቦም አደረጉለት። በመካከሉ ሌላ ሶኬት እንዳይቀጠልበት አስጠነቀቁን። ለምድጃውና ለካውያውም የተቃጠለውን ገመድ በአዲስ ተክተው የቀድሞውን ባለ 16 ብሬከር መለሱት። ወጪው እናቴ የጠበቀችውን የዕቁብ ዕጣ በላው፤ እርስዋ ግን አላጉረመረመችም።

እንግዲህ ተማሪዎችና የቢሮ ባልደረቦቼ ሆይ፥ የቤታችሁ ብሬከር ደጋግሞ ሲወርድ በትልቅ ለመተካት አትቸኩሉ። አስቀድማችሁ ጭነቱን ደምሩ፤ ገመዱንም ለሚያውቅ ባለሙያ አሳዩ።

እናቴስ? የዋት ሒሳብ አልተማረችም። ነገር ግን ባለፈው ሰሞን እኅቴ የውሃ ማፍያ ከካውያው ጋር በአንድ ሶኬት ላይ ልትሰካ ስትል እጇን ይዛ፥ «ተዪ፤ ለሁሉም እንደ አቅሙ ነው» አለቻት።