ቮልስን ያዳነ እጅ ትራክተሩን ለምን አላዳነም?

መቱ ላይ ሐምሌ ሲገባ ዝናቡ ቀንና ሌሊት አይለይም። የቆርቆሮው ጣሪያ ሲደበደብ ሰው የሚያወራው ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው። በእንዲህ ያለው ወቅት ሰው ተሰብስቦ ከሚውልባቸው ቦታዎች አንዱ ጋራዥ ነው። መኪና ያለው በሥራ፣ የሌለው በወሬ ሰበብ ይጠለልበታል።

አንባቢ በዚህ ጋራዥ ውስጥ አንድ ሰው ያስብ። ስም አያስፈልገውም። በመቱም፣ በጎሬም፣ በበደሌም ቢጤው አይጠፋም። ዕድሜው ስድሳን ተሻግሯል። ሙያውን የተማረው መኪና ሥር ተኝቶ ነው። ከፊቱ ለዓመታት ዝም ያለ አሮጌ የወፍጮ ሞተር ተቀምጧል፤ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቋል። ሰውየው መዶሻ አያነሳም። ናፍታና የሞተር ዘይት ቀላቅሎ ከላይ ያፈስበትና "ይጠጣ፣ ተዉት" ይላል። በማግሥቱ መጥቶ ያየዋል። በሦስተኛውም ቀን ያየዋል። በሳምንቱ ትልቁን መዘውር ይዞ ክብደቱን ሲያሳርፍበት ብረቱ ለዓይን በሚያስቸግር መጠን ንቅንቅ ይላል።

"ጋሼ፣ ተነቃነቀ እኮ!" ይላል ረዳቱ ልጅ።

"ቀስ በል፣ አትቸኩልበት። ስንት ዓመት ተኝቷል፣ አንድ ቀን ቢጨምር ምን ይለዋል?"

ሥራ ፈተው የቆሙት ሁሉ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ባለጉዳይ ይሆናሉ። አንዱ ባትሪ መብራት ይይዛል፤ ሌላው ሻይ ያስመጣል፤ ሦስተኛው "አባቴ ወፍጮ ቤት እንዲህ ዓይነት ሞተር ነበረ" ብሎ ይጀምራል። ለዚህ የሚከፍላቸው ሰው የለም። ሞተሩ ሲነሳ መስማት ይፈልጋሉ፤ ይኸው ነው።

የጋራዡ ቋንቋ ራሱ ታሪክ ይናገራል። የማርሽ ሳጥኑ ካምቢዮ ነው፤ ክላቹ ፍሪሲዮን፣ የነዳጁ ብልጭታ ሰጪ ካንዴላ፣ የጭስ ማውጫው ማርሚታ፣ ብሎን መፍቻው ካቻቢቴ። ጣሊያን አምስት ዓመት ወርሮ ከወጣ ሰማንያ ዓመት አልፎታል። የመሣሪያዎቹ ስም ግን ከመካኒክ ወደ ረዳት፣ ከረዳት ወደ ረዳት እየተላለፈ እስከ ዛሬ ደርሷል። ማንም በመጽሐፍ አላስተማረውም። ሙያውም የተላለፈው በዚሁ መንገድ ነው።

በሌላው ዓለም ይህ ዓይነቱ ሥራ ራሱን የቻለ የዕረፍት ቀን ደስታ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለጓሮ የሚሆኑ ትንንሽ ትራክተሮች በብዛት ተሠርተው ነበር። "ዊል ሆርስ" የተባለው እ.ኤ.አ. በ1946 ኢንዲያና ውስጥ ተጀመረ፤ "ከብ ካዴት" የተባለው በ1961 ገበያ ላይ ወጣ። ዛሬ ጡረተኛውና የልጅ ልጁ እነዚህን ዝገት የበላቸውን ማሽኖች ከየጎተራው ጎትተው ያወጣሉ፤ ብሎን በብሎን ይፈቷቸዋል፤ በቀድሞ ቀለማቸው ይቀቧቸዋል። ከዚያ አንድ ቀን ይቀጥሩና ሁሉም የየራሱን ይዞ መጥቶ አንዲትን ቁራሽ መሬት ተራ በተራ ያርሳል። ከእርሻው ምርት የሚጠብቅ የለም። ምሳ ይበላል፣ መለዋወጫ ይለዋወጣል፣ ማን ምን እንዴት እንደጠገነ ይወራል።

በእንግሊዝም "ትንሿ ግራጫ ፈርጊ" እያሉ የሚያቆላምጧት የፈርጉሰን ትራክተር አለች። እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1956 ድረስ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። ኤቨረስትን ከቴንዚንግ ኖርጌይ ጋር መጀመሪያ የወጣው ኤድመንድ ሂላሪ በጥር 1958 ደቡብ ዋልታ የደረሰው በነዚህ ትራክተሮች ነበር። ለበረዶ ተብለው ሰንሰለት ተደረገላቸው እንጂ የእርሻ ትራክተሮች ናቸው። ብዙዎቹ ዛሬም ይነሳሉ፤ ምክንያቱም የሚያስነሳቸው ሰው አለ።

ወደ ኢሉባቦር ሲመለሱ ጥያቄው ይመጣል። እጁ አለ፣ ትዕግሥቱ አለ፣ ከበው የሚያዩት ሰዎችም አሉ። ታዲያ ቆመው የዛጉትን ትራክተሮች የሚያነሳ ለምን ጠፋ?

መልሱ ትራክተር ወደዚህ አገር በገባበት መንገድ ውስጥ ነው። በንጉሡ ዘመን ትራክተር የባለመሬት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት በአርሲ ማሳዎች ላይ ለውጥ አምጥቷል። ነገር ግን ባለመሬቱ ማሽን ሲገዛ ጭሰኛው አላስፈለገውም፤ ብዙ ጭሰኛ ተፈናቀለ። ስለዚህ ትራክተር ለብዙ ገበሬ መጀመሪያ የተዋወቀው ከመሬቱ የሚያስነሳው ነገር ሆኖ ነው። እንዲህ ያለውን ማሽን ሊወድ አይችልም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ሰፋፊ እርሻዎች ወደ መንግሥት ዞሩ፤ ትራክተሩም አብሮ ዞረ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ናዝሬት ላይ፣ በዛሬዋ አዳማ፣ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ መገጣጠሚያ ተከፍቶ "ቤላሩስ" ትራክተሮች ይወጡ ጀመር። በ1977 እና 1978 ዓ.ም. ደግሞ ድርቅ ከመታቸው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ እንዲሰፍር ተደረገ። ከመድረሻዎቹ አንዱ ኢሉባቦር ነበር። በደጋው ሰፋሪው ከነባሩ ገበሬ መካከል ተሰገሰገ፤ "ስግሰጋ" የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። በዚያን ጊዜ የኢሉባቦር አካል በነበረችው በጋምቤላ ሜዳ ላይ ግን በትራክተር የሚታረሱ ትላልቅ የሰፈራ እርሻዎች ተቋቋሙ።

በነዚያ እርሻዎች ትራክተሩን የነዳው አንድ፣ ናፍታውን የፈረመው ሌላ፣ መለዋወጫውን የጠየቀው ሦስተኛ፣ የፈቀደው ደግሞ አዲስ አበባ የተቀመጠ አራተኛ ሰው ነበር። ሰፋሪው ሠርቶ የሥራ ነጥብ ይቆጠርለታል እንጂ ማሽኑ የእሱ አልነበረም። የዘመቻው በጀት ሲደርቅ ናፍታውም መለዋወጫውም ቀረ። ማሽኑ በቆመበት ቀረ፤ ሣር በቀለበት። ከዚያ አንዱ ባትሪውን፣ ሌላው ጎማውን፣ ሦስተኛው የናፍታ ፓምፑን ወሰደ። ይህንን ሌብነት ብቻ ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ባለቤት የሌለው ነገር መጨረሻው ግን ከጥንትም ይኸው ነው።

ተቃራኒውን ማየት የሚፈልግ አዲስ አበባ ይውጣና ቮልስን ይመልከት። ፋብሪካው የመጨረሻዋን ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ያመረተው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ቮልስ ዛሬም ዳገት ትወጣለች። አባት ለልጅ ያወርሳታል፤ ወጣቶች ገዝተው ላሜራዋን ያስቀጠቅጣሉ፣ ወንበሯን ያሰፋሉ፣ ቀለሟን ያድሳሉ፤ ተሰብስበውም በሰልፍ ይነዷታል። ሞተሯ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የላትም። ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ብሎኖች ስለሆነ ሁለት ሰው ፈትቶ ያወርደዋል። ከተማው ውስጥ በየሰፈሩ አንድ "የቮልስ ሐኪም" አይጠፋም።

የጭነት መኪናውም ታሪክ ተመሳሳይ ነው። "ኤንትሬ" የሚባለው ፊያት ስንት የቡና ጆንያ ከጅማ፣ ከበደሌና ከመቱ መንገድ እንዳወጣ ሾፌሮች ያውቃሉ። በሊስተር ሞተር የሚሠራው ወፍጮም እንዲሁ ነው። እንግሊዞቹ ሊስተርን እ.ኤ.አ. ከ1929 ጀምረው ሲሠሩት በዝግታ እንዲዞር አድርገው ነው። ስለማይጣደፍ አይጎዳም። በእጅ መዘውር ይነሳል፤ ባትሪ አይጠይቅም።

ቮልስ፣ ኤንትሬና ወፍጮው ለምን ዳኑ? አንደኛ፣ እያንዳንዳቸው ስሙ የሚታወቅ ባለቤት ነበራቸው፤ ሲቆሙ ቤቱ የሚራብ ሰው ነበር። ሁለተኛ፣ አንድ የሰፈር መካኒክ ፈትቶ የሚገጥማቸው፣ ቶርኖ ቤት የጎደለውን የሚቀርጽላቸው ዓይነት ነበሩ። ሦስተኛ፣ ብቻቸውን አልነበሩም። አንዱ ቮልስ ሲሞት አካሉ ለሌላው ይተርፋል፤ አንዱ መካኒክ ያገኘው ዘዴ ማታ ሻይ ቤት ለሌላው ይደርሳል። ትራክተሩ ከነዚህ ከሦስቱ ቢያንስ ሁለቱን አጥቶ ሞተ። ያው ሙያ፣ ያው አገር፣ ያው ዝናብ ነው። ልዩነቱ የማሽኑ ጥራት አልነበረም።

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ አለ። ገበሬ በሬ መግዣ አጥቶ ባለበት አገር አሮጌ ብረት ማደስ የጥጋብ ጨዋታ አይደለም ወይ? አሜሪካዊው ጡረተኛ ትርፍ ጊዜና ትርፍ ገንዘብ አለው፤ የመቱ መካኒክ ሁለቱም የሉትም። እውነት ነው። ስለዚህ ጉዳዩን በናፍቆት ሚዛን ብቻ መመዘን አይገባም።

ሌላው ሚዛን ይኸው። መንግሥት በ2011 ዓ.ም. የእርሻ ማሽኖች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ፈቅዷል። ኮምባይነርና ትራክተር ዳግም እየገባ ነው። የኢሉባቦር መሬት ተዳፋት ነው፤ ደን አለበት፤ ቡና አለበት፤ ማሳውም ትንሽ ነው። ያዩ አካባቢ ያለው ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበ የጫካ ቡና መገኛ ነው፤ ትልቅ ትራክተር የሚገባበት አይደለም። እዚህ የሚሆን ማሽን ካለ ትንሹ ነው፤ በእጅ እየተያዘ የሚሄደው ባለ ሁለት ጎማው። ይህ የአሜሪካው የጓሮ ትራክተር ወንድም ነው። ትንሽ ነው፣ አንድ ቤተሰብ ወይም ጥቂት ጎረቤታሞች ሊይዙት ይችላሉ፣ ሞተሩም ባለ አንድ ሲሊንደር ነው። ከሦስቱ ሁለቱን ቅድመ ሁኔታዎች ያሟላል ማለት ነው። የሚቀረው ሦስተኛው፣ ዙሪያውን የሚከብበው ሰው ነው።

እሱ ደግሞ እያለቀ ነው። ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ተከልክሏል፤ የወጣቱ ልብ ወደ ኤሌክትሪክ ዞሯል፤ መዞሩም ክፋት የለውም። ነገር ግን ማሳውና ወፍጮው ለብዙ ዓመት ከናፍታ አይላቀቁም። በጆሮው ብቻ "ይህ የቫልቭ ድምፅ ነው፣ ያኛው የኩሽኔታ" ብሎ የሚለይ ሰው ሲሞት የሚተካው መመሪያ መጽሐፍ አይደለም። ዕውቀቱ በወረቀት ላይ አልነበረምና። አሮጌው ብረትም በጨረታ በኪሎ ተመዝኖ ወደ ማቅለጫ ይሄዳል። ሁለቱ በአንድ ትውልድ ከጠፉ የሚቀጥለው ትራክተር እንደ ቀድሞው በቆመበት ሣር ይበቅልበታል።

መፍትሔው ብዙ በጀት አይጠይቅም። መቱ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ወጣት የሚሠለጥንባቸው የቴክኒክና ሙያ ተቋማትም አሉ። ቆመው ከቀሩት ማሽኖች አንድ ትራክተርና አንድ የወፍጮ ሞተር በኪሎ ከመሸጣቸው በፊት ለአንድ ግቢ ይሰጡ። ሽማግሌው መካኒክ በሳምንት አንድ ቀን እየተከፈለው ይምጣ። ሠልጣኙ ይፍታ፣ ይጠብ፣ ይግጠም። ወፍጮ ቤት ያለው ትርፍ ዕቃውን ያምጣ፤ የጎሬና የበደሌ ልጆችም ይጠሩ። በዓመት አንድ ቀን፣ ከመስቀል በኋላ መንገዱ ሲደርቅ፣ የተነሳው ሁሉ ወደ አንድ ሜዳ ይውጣና አንድ አንድ ትልም ያውጣ። የተማሪው ፈተና ያ ይሁን። ሕዝቡም ይይ፣ ይሳቅ፣ ይፍረድ።

በመጀመሪያው ዓመት ምናልባት አንድ ማሽን ብቻ ይነሳ ይሆናል። እሱም ይበቃል። ምክንያቱም አንድ ልጅ የሞተን ሞተር በእጁ ካስነሳ በኋላ ነገ አዲስ ማሽን ሲቆምበት "ባለሙያ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ" ብሎ አይቀመጥም። ካቻቢቴውን ያነሳል።

ወደዚያ ጋራዥ እንመለስ ቢባል፣ ዝናቡ አላባራም። ሞተሩ ታጥቦ ተገጥሟል፤ ከናፍታው መስመር አየር እንዲወጣ ተደርጓል። ልጁ መዘውሩን ይዟል። ሽማግሌው አንድ እጁን ሞተሩ ላይ አሳርፎ፣ "አሁን" ይላል። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ሦስት። ጥቁር ጭስ ትፍ ይላል፤ ዝም ይላል። ማንም አይንቀሳቀስም።

"ድገመው" ይላል ሽማግሌው። "ልትነሳ ነው።"