እርቁ ወረደ፤ ክሱ ግን ቀጠለ

ከአየር ጤና የኪራይ ቤት ወጥተን ፉሪ ላይ የራሳችን ጣራ ሥር ከገባን ስምንት ዓመት አልፎናል። ከጎረቤቴ የሚለየን የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። ዕድራችን አንድ ነው፤ ቡና የምንጠጣውም አብረን ነው። ክረምት ሲመጣ ግን ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ያቀያይመናል። እኛ ቦይ ስንቀድ ውኃው እነሱ ግቢ ይገባል፤ እነሱ ሲደፍኑት ተመልሶ እኛን ያጥለቀልቃል።

አንድ የነሐሴ ቀን የሃያ ሁለት ዓመቱ ልጄና የጎረቤቴ ልጅ እዚያው ቦይ ላይ ተጣሉ። ልጄ በእጁ በያዘው የአካፋ እጀታ የልጁን ግንባር መታው። እኔ ስደርስ ልጁ ደም በደም ሆኖ ነበር። እሱ ወደ ሐኪም ቤት፣ የእኔው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ተወሰዱ።

በማግስቱ ስንቅ ይዤ ስሄድ ለልጄ ያልኩት ይህን ነው፦ “እውነቱን ተናገር፤ አጥፍቻለሁ በል፤ ሌላውን ለሽማግሌ ተወው።” ጠበቃ የሚባል ነገር በቤታችን የሚታሰበው ለሌባና ለቀማኛ ነበር። ባለቤቴም “ልጃችን አጥፍቶ እያለ ደግሞ ጠበቃ ልናቆም? ሰው ምን ይለናል?” አለኝ። እኔም እውነቱን ነው አልኩ።

ሽማግሌ ላክን። አባቶች ሦስት ጊዜ ተመላልሰው እርቅ አወረዱ። ለታናሽ እህቱ ትምህርት ያስቀመጥነውን ገንዘብ አውጥተን የሕክምናውን ወጪና ካሳውን ከፈልን። እኔና ጎረቤቴ ተቃቅፈን አለቀስን። የእርቁን ወረቀት ይዘን ጣቢያ ስንሄድ ልጃችንን ይዘን የምንመለስ መስሎን ነበር። መርማሪው ወረቀቱን ከመዝገቡ ጋር አያያዘና “ጥሩ አድርጋችኋል፤ ምርመራው ግን ይቀጥላል” አለን።

ያን ጊዜ ያልገባኝ ነገር ቆይቶ ገባኝ። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ የአካል ጉዳት ሁሉ እኩል አይታይም። ቀለል ያለው ጉዳት በተጎጂው አቤቱታ የሚቀርብ ስለሆነ፣ እርቅ ሊያስቆመው ይችላል። በአንቀጽ 555 ሥር የሚወድቀው ከባድ የአካል ጉዳት ግን የመንግሥት ክስ ነው፤ ቅጣቱም እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። እርቅና ካሳ ቅጣቱን ሊያቀሉ ይችላሉ እንጂ ክሱን አያስቀሩትም። ልጄ በዋስ ወጥቶ ደስ ሲለን የክሱ ወረቀት ደረሰን። የተጠቀሰው አንቀጽ 555 ነበር።

ያን ዕለት ኩራታችን ሁሉ ጠፋ። በሰው ጥቆማ አዲስ አበባ ወርጄ አንድ ጠበቃ አነጋገርኩ። የተጠየቅኩት ገንዘብ ከአቅማችን በላይ ነበር። እሱም ቢሆን “የእኔ ፈቃድ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ነው። ፉሪ ደግሞ ኦሮሚያ ክልል ስለሆነ የክልሉ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ይፈልጉ” አለኝ። ከጀሞ ማዶ ያለችው ፉሪ ለእኔ አዲስ አበባ ማለት ነበረች፤ ለፍርድ ቤት ግን አይደለችም።

በቀጠሮው ቀን ዳኛው ልጄን ጠበቃ አለህ ወይ ብለው ጠየቁት። “የለኝም፤ አቅምም የለኝም” አለ። እኛ ሳናውቅ ቀርተን ነው እንጂ፣ ጠበቃ ለማቆም አቅም ያጣ ተከሳሽ ፍትሕ ሊጓደልበት የሚችል ሲሆን መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ተጽፏል። ተከላካይ ጠበቃ ተመደበለት።

ጠበቃው መጀመሪያ የጠየቀው ክሱ ገብቶት እንደሆነ ነው። ክሱ የተጻፈው በአፋን ኦሮሞ ነው። ልጄ የገበያና የታክሲ አፋን ኦሮሞ ያውቃል፤ የፍርድ ቤቱን ግን አያውቅም። አፍሮ “ገብቶኛል” ሊል ሲል ጠበቃው ከለከለው፤ አስተርጓሚ ተጠየቀለት። ይህም መብቱ ነው፤ ወጪውን የሚሸፍነው መንግሥት ነው።

ቀጥሎ “ጠቡን ማን ጀመረው?” አለው። ልጄ ቀና ብሎ አየኝና ዝም አለ። እኔ እናቱ ይህን ጥያቄ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄው አላውቅም ነበር። ለካ ያኛው ልጅ ቀድሞ አንገቱን አንቆ በቡጢ መትቶታል፤ አንድ የባጃጅ ሹፌርም አይቷል። ይህ ሁሉ በፖሊስ ቃሉ ላይ አልነበረም። “አጥፍቻለሁ በል፤ ሌላውን ተወው” ያልኩት እኔ ነበርኩ።

ጎረቤቴ ጠበቃ መቆሙን ስትሰማ አኮረፈች። “ታርቀን ስናበቃ ትከራከሩናላችሁ?” አለችኝ። መልስ አጣሁ። ይህንኑ ለጠበቃው ስነግረው “እናቴ፣ እኔ ልጅዎ አልመታም ልል አይደለም የቆምኩት። መትቷል። ላደረገው ይጠየቅ፤ ላላደረገው ግን እንዳይጠየቅ ነው የምከራከረው” አለኝ። ያንኑ ቃል ወስጄ ለጎረቤቴ ነገርኳት። ቡና ላይ እስክትመለስ ወራት ፈጀባት።

በክርክሩ የሐኪሙ ማስረጃ ተነበበ። ቁስሉ ተሰፍቶ ድኗል፤ ዘላቂ ጉዳትም አልታየም። የባጃጁ ሹፌር መሰከረ። ፍርድ ቤቱ ልጄ ራሱን ሲከላከል ነው የሚለውን አልተቀበለም፤ ለቡጢ በአካፋ እጀታ አይመለስም አለ። ነገር ግን አንቀጹን ወደ 556 ዝቅ አድርጎ ጥፋተኛ አለው። እርቁና ካሳውም ለቅጣት ማቅለያ ተያዙለት። ስምንት ወር እስራት ተፈረደበትና በሁለት ዓመት ገደብ ተለቀቀ።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ “ልጄ አጥፍቷል፤ ዝም ልበል” ለሚሉ ወላጆችና አያቶች ነው። ሽማግሌ ላኩ፤ እርቅ ትልቅ ነገር ነው፤ የቆሰለውንም ጠይቁ። ግን ልጃችሁ ሲያዝ ዝም የማለት መብት እንዳለው፣ የሚናገረው ቃል ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት እንደሚችል፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት አስታውሱ። ጠበቃም ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ ፈልጉለት፤ አቅም ከሌላችሁ ሳታፍሩ ለዳኛው ተናገሩ።

የጎረቤቴ ልጅ ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው። ቡና ሊጠራኝ በበሩ ብቅ ባለ ቁጥር አየዋለሁ። ልጄም ያየዋል። ጠበቃው ይህን አልሸፈነልንም፤ እንዲሸፍንልንም አልጠየቅነውም።