ወደ ቦውሊንግ ግሪን፦ ቀለምና ኒካሕ



ባለፈው ክረምት አላህ (ሱ.ወ.) ፈቅዶልኝ በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ስቴት፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ የሚኖሩትን አጎቴን ልዘይር ሄጄ ነበር። ጁምዓን የሰገድነው በ1957 በተከፈተው የዋሽንግተን ኢስላሚክ ሴንተር ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በቀኜ ፓኪስታናዊ፣ በግራዬ ጥቁር አሜሪካዊ ቆመው ነበር። ትከሻ ለትከሻ ገጥመን ሰገድን። ከመስጊድ ስንወጣ ግን አጎቴ ፊታቸው ጠቁሯል።

«ልጄ፣ አንተ ቂርኣቱንም ዘመናዊውንም ተምረሃል፤ ላማክርህ» አሉኝ። ሴት ልጃቸውን አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ወጣት ጠይቋል። ወላጆቹ ከሰለሙ በኋላ የተወለደ ነው። «ዲኑንስ አልጠላሁበትም። ግን አገር ቤት ምን ብዬ እነግራለሁ? ሰው ምን ይለኛል?»

ወዲያው አልመለስኩላቸውም። እሑድ ዕለት ግን ለማየት የምመኘው አንድ ቦታ ስላለ እንዲወስዱኝ ለመንኳቸው።

ቦውሊንግ ግሪን ከአሌክሳንድሪያ በስተደቡብ፣ ከመቶ ኪሎ ሜትር ትንሽ በሚበልጥ ርቀት ላይ ትገኛለች። መንገዱ ግራና ቀኙን በደን የተሸፈነ ነው። የካሮላይን አውራጃ መቀመጫ ብትሆንም ከተማይቱ ትንሽና ጸጥተኛ ናት። ከቀይ ጡብ በተሠራው ፍርድ ቤት ፊት ለፊት ቆመን ታሪኩን ለአጎቴ ነገርኳቸው።

ሪቻርድ ላቪንግ ነጭ ግንበኛ ነበር። ሚልድረድ ጂተር ደግሞ የጥቁርና የቀደምት አሜሪካውያን ዝርያ ነበረች። ቨርጂኒያ በ1924 ያወጣችው ሕግ ነጭ ከሌላው እንዳይጋባ ስለሚከለክል፣ በሰኔ 1958 ወደ ዋሽንግተን ሄደው ተጋቡ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ሸሪፉ በሌሊት ገብቶ ከተኙበት ይዟቸው ሄደ። የጋብቻ ወረቀታቸው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ እዚህ አይሠራም ተባሉ። በ1959 የአንድ ዓመት እስራት ተፈርዶባቸው፣ ለ25 ዓመት አብረው ወደ ስቴቱ እንዳይመለሱ በሚል ቅጣቱ ታገደ።

ጉዳዩ በድጋሚ ሲቀርብለት፣ ዳኛው በ1965 የሰጠው ምክንያት አስገራሚ ነው። ፈጣሪ ዘሮችን በየአህጉሩ ለያይቶ ያስቀመጠው እንዳይቀላቀሉ ስለፈለገ ነው አለ! ወገኖቼ፣ ሱረቱል ሑጁራት 13ኛው አንቀጽ ስለዚያው ልዩነት ምን እንደሚያስተምረን እናውቃለን። ጎሳና ሕዝብ የሆንነው እንድንተዋወቅ ነው፤ ክብርም በተቅዋ ነው። ዳኛውም ልዩነቱን አይቷል፤ የደረሰበት ድምዳሜ ግን ከዚህ ፈጽሞ ተቃራኒ ነው።

በ1967 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዘጠኙም ዳኞች ድምፅ ክልከላውን ሻረ። በዚያን ጊዜ 16 ስቴቶች እንዲህ ያለ ሕግ ነበራቸው። የሰው ልብ ግን እንደ ሕጉ በአንድ ቀን አልተለወጠም። አላባማ በሕገ መንግሥቷ የቀረውን ክልከላ በሕዝብ ድምፅ የሰረዘችው በ2000 ነው፤ ያኔም ከመቶ አርባ ያህሉ ይቆይ ብለዋል። ጋሎፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት መርማሪ ድርጅት በ1958 ሲጠይቅ የጥቁርና የነጭን ጋብቻ የደገፉት ከመቶ 4 ብቻ ነበሩ። በ2021 ከመቶ 94 ደርሰዋል።

«ሰውን ከሚስቱ ጎን አንስቶ ማሰር! ምን ዓይነት ጭካኔ ነው?» አሉ አጎቴ።

«እኛስ አጎቴ?» አልኳቸው። «እኛን የሚከለክል ሕግ የለም፤ ግን አጥንት እንቆጥራለን። ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ፣ የባሪያ ዘር እያልን ስንቱን ኒካሕ አፍርሰናል?»

አጎቴም የዋዛ አይደሉምና የከፋኣን ነገር አነሱብኝ። እውነት ነው፣ ከፉቀሃዎች ዘርን በከፋኣ ውስጥ የቆጠሩ አሉ፤ ማሊኪዮች ግን በዋናነት ዲንን ነው የተመለከቱት። ዘርን የቆጠሩትም ቢሆኑ አብዛኞቹ የሴቲቱና የወሊዩ መብት አደረጉት እንጂ፣ እነርሱ ከወደዱ ኒካሑ አይጸናም አላሉም። ከዚያም የፋጢማ ቢንት ቀይስን (ረ.ዐ.) ታሪክ አስታወስኳቸው። የቁረይሽ ሴት ነበሩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ኡሳማ ቢን ዘይድን እንዲያገቡ መከሯቸው። የኡሳማ አባት ነጻ የወጣ ባሪያ፣ እናቱ ኡሙ አይመን ደግሞ የእኛው አገር ሐበሻ ናቸው። ፋጢማ መጀመሪያ ቅር አላቸው። ነቢዩ ምክሩን ሲደግሙላቸው ተቀበሉ፤ አላህም በትዳሩ ብዙ ኸይር አኖረበት። ያኔ ቅር የተሰኙት በእኛ ልጅ ነበር። ዛሬ ታዲያ ቅር የምንሰኘው እኛ እንሁን?

አጎቴ መልስ አልሰጡኝም። በመመለሻችን ላይ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ነዱ። ቤት ልንደርስ ስንል ግን «ልጁ ሐሙስ ይምጣ። ስለ ሶላቱ፣ ስለ ባሕሪውና ስለ ሥራው እጠይቀዋለሁ። የአባት መብቴ እርሱ ነው» አሉ።

ውድ ወላጆች፣ መጠየቅ መብታችን ብቻ ሳይሆን አማናችንም ነው። የምንጠይቀው ግን አላህ ፊት የሚመዘነውን ይሁን። አላህ ልባችንን ከዘረኝነት ያጥራልን። አሚን።