የዘለልኳት ዓረፍተ ነገር

ዛሬ የምጽፍላችሁ ኮሪያኛ ስለ መማር ነው። "ይሄ ደግሞ ከመንፈሳዊ ሕይወት ጋር ምን አገናኘው?" የሚል ካለ ትንሽ ይታገሠኝ። በዚያ ቋንቋ ጎባ ላይ የሠራሁት ጥፋት አለ። እስካሁን የነገርኩት ለሦስት ሰዎች ብቻ ነው።

ቋንቋውን የጀመርኩት ሮቤ ሆኜ ነው። ከመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ሥራ ሳላገኝ ዓመት አልፎኝ ነበር። አብረውኝ ከተመረቁት አንዳንዶቹ አዲስ አበባ ገቡ፤ አንዳንዶቹ የደቡብ አፍሪካን መንገድ ማውራት ጀመሩ። እኔ ዓይኔን የጣልኩት የኮሪያ መንግሥት በሚሰጠው የነፃ ትምህርት ዕድል ላይ ነበር። ለኮሪያ ሕዝብ የተለየ ፍቅር ኖሮኝ አይደለም፤ መውጫ ፈልጌ ነው። በጸሎት ፕሮግራም ላይ "ጌታ ሆይ፣ ሕዝቦችን እንዳገለግልበት ቋንቋ ስጠኝ" እያልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ እጸልይ ነበር። የልቤን ግን እሱም እኔም እናውቀዋለን።

ያም ሆኖ ትምህርቱን ወደድኩት። የሮቤን ሌሊት ታውቁታላችሁ፤ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ከስልኬ ላይ ድምፅ እሰማለሁ፣ መብራት ሲጠፋ በሻማ እጽፋለሁ። ፊደላቸውን ንጉሥ ሴጆንግ እ.ኤ.አ. በ1443 አዘጋጅቶ በ1446 ለሕዝቡ ያወጣው ነው። መሠረታውያኑ 14 ተነባቢና 10 አናባቢ ብቻ ናቸው። በልጅነቱ ሀ ሁ ብሎ 231 ፊደል ለቆጠረ ሰው 24 ምን አላት? በአንድ ሳምንት ጨረስኳት።

አማርኛ ተናጋሪ ለዚህ ቋንቋ ብዙ ስንቅ ከቤቱ ይዞ ይሄዳል። ግሱ እንደኛው መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ "እኔ ውሃ እጠጣለሁ" በምንልበት ቅደም ተከተል ነው የሚናገሩት። "ውሃውን" ስንል የምንጨምራትን "ን" የመሰለች፣ ከስም ኋላ የምትለጠፍ ድምፅም አለቻቸው። "ቡል" እሳት ነው፣ "ፑል" ሳር፣ "ጱል" ቀንድ። ሌሎች ባዕዳን በእነዚህ ሦስት ቃላት ሲሰቃዩ በቪዲዮ አይቻለሁ። "ደ"ን፣ "ተ"ን እና "ጠ"ን ለይቶ ላደገ ጆሮ ግን ያን ያህል አያስቸግርም፤ የነሱዋ ልክ እንደኛ "ጰ" ባትሆንም ትቀርባለች። ልጅ አባቱን "አጳ"፣ እናቱን "ኦማ" ይላል። አክብሮትም አላቸው፤ እኛ አንተና እርስዎ ብለን እንደምንለየው እነሱም በግሱ ላይ ሰውን ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋሉ። ሽማግሌን ተሳስቶ "አንተ" ማለት እዚያም ያሳፍራል።

ለውጭ ሰው የሚሰጠው የቋንቋ ፈተና ቶፒክ ይባላል። የመጀመሪያው ፈተና 70 ጥያቄ በ100 ደቂቃ ነው፤ 30ው ማዳመጥ፣ 40ው ማንበብ። ከ200 ነጥብ 140 ያገኘ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ይደርሳል። መናገር የለበትም። አፍህን ሳትከፍት ታልፋለህ። ደግሞ ሁሉም ጥያቄ ምርጫ ስለሆነ ካላወቅህ ትገምታለህ፤ "አላውቅም" የሚል ምርጫ የለም። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ የሠለጠንኩት በዚህ ልማድ ነው።

ለነፃ ትምህርቱ ሁለት ጊዜ አመለከትኩ። ሁለቱም ጊዜ አልሆነም።

ተስፋ ቆርጬ ደብተሬን ባስቀመጥኩ በጥቂት ወራት፣ ጎባ ያለች አንዲት አጥቢያ ሁለት ኮሪያውያን ሐኪሞችን ከአዲስ አበባ ጋበዘች፤ ለሦስት ቀን ሕመምተኛ በነፃ ሊያዩ። ኮሪያውያን ለአገራችን ያላቸውን ስሜት ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ከ6,000 በላይ የቃኘው ወታደሮች ወደዚያ ዘምተው ከ120 በላይ የሚሆኑት አልተመለሱም፤ በሕይወት የነበሩትም ከደመወዛቸው አዋጥተው በጦርነቱ ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናትን ይረዱ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ሰው "ኮሪያ ሆስፒታል" የሚለውንም ያቋቋመችው የሶል ምዕመናን ቤተ ክርስቲያን፣ ምዮንግሶንግ ናት። ከመጡት ሐኪሞች አንዱ ወጣት፣ እንግሊዝኛ የሚችል ነበር። ሌላው በዕድሜ የገፉ ሲሆኑ ከኮሪያኛ በቀር ብዙም አይናገሩም።

ፓስተራችን ስልክ ደወለልኝ። "ወንድሜ፣ ኮሪያኛ ትችል የለ? በል እንግዲህ፣ ጌታ ያስተማረህ ለዚህ ቀን ነው" አለኝ። ከሮቤ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ነው። ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ሁለት ጥያቄ ደጋግሜ ወጣኋቸው፦ "ኦዲጋ አፓዮ?" የት ያምዎታል፤ "ኦንጄ ቡቶዮ?" ከመቼ ጀምሮ።

የመጀመሪያው ቀን ሸጋ ነበር። ጉልበት፣ ወገብ፣ ሳል፣ ዓይን። የመዘምራን ልጆች በሩ ላይ ቆመው እኔን ያያሉ። በምሳ ሰዓት አንዷ "ወንድም፣ ልሳን የወረደልህ ነው የሚመስለው!" አለችኝ። ሳቅሁ፤ ግን ቃሏን አጥብቄ ያዝኳት።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት ገቡ። የእኛ ምዕመን አይደሉም፤ ከጎባ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ፣ ገብስ ከሚታረስበት መንደር የመጡ ሙስሊም ናቸው። የሚናገሩት ኦሮምኛ ብቻ ነው። ሮቤ ያደግሁ ስለሆንኩ ኦሮምኛ እሰማለሁ፤ ግን የኔ ኦሮምኛ የገበያና የባጃጅ ነው። የጎረቤቴን ቋንቋ በግማሽ ይዤ የሶልን ሳሳድድ እንደኖርኩ ያን ቀን አላሰብኩትም።

ሐኪሙ "ኦዲጋ አፓዮ?" አሉ። እናት እጃቸውን ከደረታቸው በታች አድርገው "ገራን ነ ጉባ" አሉ። "ገራ" እንደኛው ሆድ ነው፤ እንጀራም ይገባበታል፣ ኀዘንም ይገባበታል። ሆዳቸው እንደሚያቃጥላቸው ነው የነገሩኝ። እኔ የማውቀው የኮሪያኛ ሆድ "ቤ" የሚለውን ብቻ ነው። "ቤጋ አፓዮ" አልኩ፤ ሆዳቸውን ያማቸዋል።

"ኦንጄ ቡቶዮ?"

እናት ረጅም ነገር ተናገሩ። ሁሉም ቃል አልገባኝም፤ የገባኝ ግን ይበቃ ነበር። ልጃቸው ከሄደ ሁለት ዓመት ሆኖታል። መንገድ ላይ ሆኖ አንዴ ደውሎ፣ ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለም። ይህን በኮሪያኛ እንዴት እንደምለው አላወቅሁም። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ልጆቹ በሩ ላይ ናቸው።

"ኢ ንዮን" አልኩ። ሁለት ዓመት።

ኮሪያውያን ሁለት ዓይነት ቁጥር አላቸው፤ ለዓመት የትኛው እንደሚነገር መምረጥ ጀማሪን ያደናግራል። እኔ ትክክለኛውን መረጥኩ። በዚያች ቅጽበት በራሴ ደስ እንዳለኝ አልደብቃችሁም።

ሐኪሙ ሆዳቸውን ዳሰሱ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ የጨጓራ ክኒን ሰጧቸው። እናት ክኒኑን በሻሻቸው ጫፍ ቋጥረው ሲነሡ ሐኪሙን አላዩም፤ እኔን ነው ያዩት። "ኢቲ ሂምቴ?" አሉኝ። ነገርከው?

"ኤዬ" አልኩ። አዎ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ኮሪያውያን አማኞች ገና ሳይነጋ ተነሥተው የመጸለይ ልማድ አላቸው፤ "ሴብዮክ ኪዶ" ይሉታል። ሁለቱ ሐኪሞች በ11 ሰዓት ሲነሡ አብሬያቸው ተቀመጥኩ። "ጁዮ!" ብለው፣ ማለትም "ጌታ ሆይ!" ብለው ይጮኻሉ፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ድምፁን አሰምቶ ይጸልያል። የእኛን የጸሎት ሌሊት ይመስላል። ድምፄን ላወጣ ስል አንድ ቃል ጠፋኝ። መጽሐፍ ቅዱሴን ገለጥኩ፤ በዚያ ሰሞን የማነበው ዘፍጥረት ነበር፤ ምዕራፍ 42 ላይ ደርሻለሁ። ዮሴፍ ከወንድሞቹ ጋር በአስተርጓሚ ይነጋገራል፤ እነሱ ቋንቋቸውን እንደሚሰማ አያውቁም፤ እሱ ዞር ብሎ ያለቅሳል። ያን ክፍል ብዙ ጊዜ ሰብከውልኛል፤ ሁሌም ስለ ዮሴፍ እንባ ነው። ስለ አስተርጓሚው የሰበከኝ የለም። እዚያ መካከል የቆመው ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ቢዘልልስ? የሁለት ዓመቷን ጥያቄ ይዘው የመጡት እናት አንድ ሰው ብቻ ነበር የሚሰማላቸው፤ እሱም እኔ ነበርኩ። እግዚአብሔርስ ያን ጊዜ አስተርጓሚ አላስፈለገውም፤ ሰምቶኛል።

ጸሎቱ ሲያልቅ ሽማግሌውን ሐኪም ወደ ጎን ጠራኋቸው። "ኮጂንማል ሄሶዮ" አልኳቸው። ዋሸሁ። ከፈተናው ዝርዝር ውስጥ የማውቃት ቃል ናት፤ በአፌ ስጠቀምባት ግን የመጀመሪያዬ ነው። የቀረውን በተሰባበረ ኮሪያኛና በእጄ ነገርኳቸው፦ ልጅ፣ መንገድ፣ ስልክ፣ ዝም። እሳቸው አልተቆጡም። እናትየዋ ራሳቸው ያሉት ቃል ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። እጄን ከደረቴ በታች አድርጌ "ሆድ፣ እሳት" አልኩ።

"አ፣ ሶክ!" አሉ።

"ሶክ" ማለት ውስጥ ነው። ሆድም ነው፣ ልብም ነው። "ሶጊ ታዮ" ሲሉ ውስጤ ይቃጠላል ማለታቸው ነው፤ በጭንቀት ለነደደ ሰው በየቤቱ የሚባል ነገር ነው። የጎባዋ እናት ያሉት ቃል በቃል ኮሪያኛ ውስጥ ነበረ። እኔ ነኝ ያልጠየቅሁት። ሐኪሙ አንድ ነገር ጨመሩ፦ "ሌላ ጊዜ 'ሞርገሶዮ' በል። እኔ ሐኪም ሆኜ በየቀኑ ለሕመምተኛ እለዋለሁ።" አላውቅም ማለት ነው።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እንግዶቹን ወደ ሳነቴ ወስደን ቀይ ቀበሮና 4,377 ሜትር ከፍታ ያለውን ቱሉ ዲምቱን ልናሳያቸው ነበር ዕቅዱ። ወጣቱ ሄደ። ሽማግሌው ቀሩ። ኦሮምኛ አፏን የፈታችበትን፣ ከአጥቢያዋ መዘምራን አንዷን ይዘን ወደ እናትየዋ መንደር ወጣን። መንገድ ላይ ልጅቷ የኦሮምኛውን መጽሐፍ ቅዱስ አነሣችልን፤ አናሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከመበትና እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው ነው። አናሲሞስ ከአገሩ በልጅነቱ ተወስዶ ስለነበር የአስቴርን ቋንቋ በጣም ይፈልገው ነበር። ሐኪሙ ይህን ስተረጉምላቸው፣ የሉቃስ ወንጌል በኮሪያኛ የታተመው በ1882 እንደሆነ ነገሩኝ፤ ማንቹሪያ የነበረው ጆን ሮስ ከኮሪያውያን ጋር ሆኖ፣ ሊቃውንት በሚንቁት በተራው ሕዝብ ፊደል። የፕሮቴስታንት ሚስዮናውያን ኮሪያ ገብተው ከመቀመጣቸው በፊት ማለት ነው።

ቤታቸው ደረስን። በልጅቷ በኩል ሁሉንም ነገርኳቸው፤ "ኤዬ" ያልኩት ውሸት እንደነበረም። እናት ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ ታሪኩን እንደገና፣ ከመጀመሪያው ጀመሩ። አንድ ሰዓት ያህል ወሰደ። ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ኮሪያኛ። ስምንት ጊዜ ይሁን ዘጠኝ "ሞርገሶዮ" ብያለሁ፤ ባልኩ ቁጥር ልጅቷ በሌላ ቃል ታስረዳኛለች። ሐኪሙ ለልጁ ምንም ማድረግ እንደማይችሉ ነገሯቸው፤ ስለ እንቅልፉ ጎባ ሆስፒታል እንዲታዩ ወረቀት ጻፉላቸው። ከዚያ "ልጸልይልዎት?" ብለው ጠየቁ።

"ዱዓ ማን ይጠላል" አሉ እናት።

ኮሪያውያን ሲጸልዩ ለእግዚአብሔር የመጨረሻውን የአክብሮት አነጋገር ነው የሚጠቀሙት፤ "አንተ" የሚል ቃል ከአፋቸው አይወጣም። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ "አንተ" እያልኩ የጸለይኩ ነኝ። ያን ጸሎት ስተረጉም የቱን እንደምይዝ ግራ ገባኝ፤ መሐል ላይም "እዚህ ጋ አልገባኝም" አልኩ። ልጅቷ እሱንም ሳትዘል ወደ ኦሮምኛ መለሰችው። እናት እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ።

የተቆላ ገብስ በሳህን ቀረበልን። ሐኪሙ አንድ ፍሬ አንሥተው ዓይናቸው በራ፤ "ቦሪ!" አሉ። ገብስ በኮሪያኛ ቦሪ ነው፤ ቆልተው በውሃ አፍልተው ይጠጡታል።

እናት ግን "ቦሩ" ያሉ መሰላቸው። በኦሮምኛ ነገ ማለት ነው። ወደ እኔ ዞረው "ነገም ትመጣላችሁ?" አሉኝ።

እንግዶቹ በነጋታው ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ተመላሾች ነበሩ። ይህን ነገርኳቸው። እኔ ግን ሮቤ ነኝ፤ 14 ኪሎ ሜትር ነው። "ቦሩ፣ እኔ እመጣለሁ" አልኩ፤ ልጅቷ ኦሮምኛዬን አረመችልኝ።