ቁራጭ ሳሙና አይጣል

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ሳሙና ነው። «ስለ ሳሙና ደግሞ ምን የሚወራ አለ?» ትሉ ይሆናል። እኔ ግን በክንዴ ላይ ያለውን ጠባሳ ባየሁ ቁጥር ይህን ታሪክ ለእናቶች ሳልነግር መቆየቴ ይቆጨኛል።

ነገሩ የሆነው በ1975 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ደሴ ከተማ አስተማሪ ነበርኩ። የአራት ዓመት ልጄን ዓይኗን ስላመማት አዲስ አበባ አምጥቼ ምኒልክ ሆስፒታል አሳየኋት። ሐኪሙ ለሦስት ሳምንት እየተመላለስን እንድንታይ አዘዙ፤ ፊቷ በየቀኑ በንጹሕ ውሃና በሳሙና እንዲታጠብ፣ ፎጣዋም ለብቻው እንዲሆን አጥብቀው አሳሰቡኝ። ማረፊያችን አራዳ ውስጥ፣ ከጣይቱ ሆቴል ብዙም በማይርቅ አነስተኛ ሆቴል ነበር።

በዚያን ወቅት ሳሙና እንደ ልብ አይገኝም። በቀበሌ ሱቅ በካርድ ይታደላል፤ የእኔ ካርድ ግን ደሴ ነው። ይዤው የመጣሁት ሳሙና በሳምንቱ አለቀ። ፒያሳን ከላይ እስከ ታች ብዞር ከፊሉ «የለም» ይለኛል፤ ያለው ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። ታዲያ «ለምን እኔው አልሠራውም?» አልኩ። በተማሪነቴ በቤት አያያዝ ክፍለ ጊዜ ሞራና ኮስቲክ ሶዳ ሲዋሐዱ ሳሙና እንደሚሆኑ ተምሬ ነበርና ሞራውን ከሥጋ ቤት፣ ሶዳውን ከመርካቶ ገዛሁ።

የማውቀው ግማሹን ብቻ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ሞራውን ሆቴሉ ወጥ ቤት ከሰል ላይ አቅልጬ ወደ ክፍሌ ገባሁና ሶዳውን በአሉሚኒየም ጣሳ አድርጌ ውሃ ቸለስኩበት። ወዲያው ይንተከተክ ጀመር፤ ጣሳው ጋለ፤ የሚሰነፍጥ ጢስ ክፍሉን ሞላው። ልጄ «እማዬ፣ ምንድን ነው የሚፈላው?» ብላ ወንበር ላይ ወጥታ ልታይ አጎነበሰች። በዚያው ቅጽበት ፈሳሹ ፈንጥቆ ክንዴን ገረፈኝ።

ኮሪደሩን ይወለውሉ የነበሩት አልጋ አንጣፊ ጩኸቴን ሰምተው ዘው ብለው ገቡ። «ኧረ ዓይኗን! የታመመ ዓይኗን!» እያሉ ልጄን አፈፍ አድርገው ወደ ውጭ አወጧት፤ ተመልሰውም መስኮቱን ከፍተው ክንዴን ከቧንቧው ሥር አስገቡት። ዓይን ላድን መጥቼ ዓይን ላጠፋ ነበር፤ ለአንድ ጣት ያህል ቀርቶኝ ነበር።

ትንፋሼ መለስ ሲል እትዬ፣ «ሳሙና ፈልገሽ ነው ይህ ሁሉ? ምነው እኔን ብትጠይቂኝ፣ የኔ ልጅ!» አሉና አንድ ከረጢት አምጥተው ዘረገፉልኝ። እንግዶች ጥለዋቸው የሄዱ ቁራጭ ሳሙናዎች ናቸው፤ ነጭ፣ ሮዝ፣ አረንጓዴ።

አሠራሩን ከእሳቸው እንደተማርኩት እነግራችኋለሁ። ቁራጮቹን አጥቦ በቢላዋ ስስ አድርጎ መፋቅ፤ ለአራት ኩባያ ፍቅፋቂ አንድ ኩባያ ያህል ሙቅ ውሃ ጨምሮ እንዲላቁጥ ማሳደር። በማግስቱ ጣሳውን የፈላ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ አስቀምጦ በቀስታ ማማሰል። ሊጥ ሲመስል ዘይት በተቀባ የሰርዲን ጣሳ ላይ ጠቅጥቆ መገልበጥ፤ ሲጠነክር አውጥቶ አየር በሚያገኘው ሥፍራ ሳምንት ያህል ማድረቅ። በደንብ የደረቀ ሳሙና ቶሎ አያልቅም። እንዲህ ያለው ሳሙና ለልብስ ነው። ለልጄ ፊት ግን እትዬ ሥራ አስኪያጁን ለምነው ያልተነካ ሳሙና አስገኙልኝ። ለነጠላችን ደግሞ የተወቀጠ እንዶድ ዘፍዝፈው፣ በጨርቅ አጥልለው ሰጡኝ። «ዓይኗ እንዳይገባ» ማለታቸውን ግን አልረሱም። እውነትም እንዶድ እንደ ዋዛ የሚያዝ ነገር አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ቢልሃርዝያን ለሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ማጥፊያ የሚሆን መድኃኒት ያገኙት።

እህቶቼ፣ ኮስቲክ ሶዳን በተመለከተ ይህን ልብ በሉ። ሶዳው ቀስ እየተባለ ወደ ቀዝቃዛ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃ በሶዳ ላይ አይፈስም። አሉሚኒየም ይበላል፤ የሚቀጣጠል ጋዝም ይወጣዋል። ጓንትና የዓይን መከለያ፣ ነፋሻ ሥፍራ፣ የተመዘነ ልክ ይፈልጋል፤ ሕፃን አጠገቡ ሊደርስ ከቶ አይገባም። ሰውነት ወይም ዓይን ከነካ ሳይዘገይ ብዙ ጊዜ በሚፈስ ውሃ ማጠብና ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ሎሚም ሆነ ኮምጣጤ አይደረግበትም። ልጅ ከዋጠው አፉን አጉመጥምጡት እንጂ እንዲያስመልስ አታስገድዱት። ደግሞም ቢሳካልኝ ኖሮ ሳሙናው እስኪደርስ አራት ሳምንት መቆየት ነበረበት፤ እኛ በሦስተኛው ሳምንት ደሴ ነን። ለመንገደኛ የሚሆን ሥራ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2009 ደሬክ ካዮንጎ የተባለ ኡጋንዳዊ በአሜሪካ ሆቴሎች የሚጣለውን ሳሙና ሰብስቦ፣ አጽድቶና አቅልጦ ለችግረኞች የሚያድል ድርጅት ማቋቋሙን ስሰማ ፈገግ አልኩ። የእኛዋ አልጋ አንጣፊ ይህን በከረጢታቸው ከጀመሩት ስንት ዘመናቸው!

አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ልንለያይ ስንል ከወጥ ቤት ሠራተኞቹ እንደሰማሁት፣ ያ ከረጢት የእሳቸው የራሳቸው ልጆች ልብስ ማጠቢያ ነበር። ስንት ወር ያጠራቀሙትን ነው «ውሰጂ» ብለው የዘረገፉልኝ። ደሴ እንደገባሁ የወሩን የሳሙና ድርሻዬን ሳልነካ በሹፌር እጅ ላክሁላቸው።

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ብዙ የፒያሳ ቤቶች ሲፈርሱ ያ ሆቴልም አብሮ ሄደ። ልጄ ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት፤ መርፌ የምታሰካው ያለ መነጽር ነው። በቤቷም ቁራጭ ሳሙና አይጣልም።